የአምፕሊፋየር ፓወር ገመድ በእጅ ሲሠራ፦ ስለ ሽቦው የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለአምፕሊፋየር ወይም ለሞንታርቦ የሚሆን የፓወር ገመድ ቤት ውስጥ መሥራት ከባድ አይደለም። ሁለት ሜትር ገመድ፣ አንድ ስፒና፣ በዕቃው በኩል የሚገባው ሲ13 የሚባለው ማገናኛ (ከኮምፒውተር ጀርባ የምናውቀው)፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ካለ ሥራው ያልቃል። ሰው ግራ የሚጋባው ሽቦው ላይ ነው፤ ሻጩ አንድ ነገር ይነግረዋል፣ ሳውንድ ማኑ ደግሞ ሌላ።

«ሽቦው በወፈረ ቁጥር ቤዙ ይጠነክራል»

ሂሳቡን እንሥራው። ከ220 ቮልት 500 ዋት የሚስብ አምፕሊፋየር 2.3 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ባለ 1.5 የመዳብ ፍሌክሲብል ሽቦ፣ ማለትም 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የሆነው፣ በሜትር ቢበዛ 0.0133 ኦም ነው። ሁለት ሜትር ገመድ ደርሶ መልስ አራት ሜትር ስለሆነ ጠቅላላው 0.053 ኦም ይሆናል፤ በዚህ ላይ የሚባክነው 0.12 ቮልት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ስንት ቮልት እንደሚወርድ ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ከቁጥርም አይገባም። ቤዙ ሲመታ ለቅጽበት የሚያስፈልገውን ጉልበት የሚሰጡትም አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ናቸው እንጂ ገመዱ አይደለም።

ከልክ በላይ መወፈር ይልቁንም ጣጣ አለው። ባለ 4 ሽቦ ሲ13 ማገናኛ ውስጥ በወጉ አይገባም። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ከክሮቹ ግማሹን ቆርጦ የቀረውን ያስገባል። ያ ቦታ ቀጭን ሆነ ማለት ነው፤ የሚግለውም እዚያው ነው። ለአብዛኛው የቤት ዕቃ ባለ 1.5 ከበቂ በላይ ነው። ባለ 2.5 የሚያስፈልገው ሲ19 የሚባለውን ሰፊ ማገናኛ ለሚጠቀሙ ትልልቅ አምፕሊፋየሮች ነው።

«ቁጥሩ ገመዱ ላይ ተጽፏል፣ ምን ያጠራጥራል?»

ብዙ ያጠራጥራል። በእኔ እምነት ገንዘብም ጊዜም መዋል ያለበት እዚህ ላይ ነው። ላዩ 1.5 ተብሎ ውስጡ የሳሳ፣ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ ገበያ ላይ አለ። ፕላስቲኩን በማወፈር ቀጭን ሽቦ ወፍራም ማስመሰል ቀላል ነው፤ ስለዚህ የገመዱን ውፍረት በእጅ መዳበስ ምንም አይነግርም።

ጫፉን ላጥ አድርገው ክሮቹን ይቁጠሩ። ትክክለኛ ባለ 1.5 ፍሌክሲብል ብዙውን ጊዜ 0.25 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው 30 ያህል ክሮች አሉት፤ ባለ 1 ደግሞ 0.20 የሆኑ 32 ክሮች። ክሩን በካሊፐር መለካት ነው። ቀጥሎ አንዱን ክር በምላጭ ይፋቁት፤ ከቀዩ ሥር ነጭ ብረት ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል። ማግኔት ከሳበው ደግሞ ውስጡ ብረት ነው። ክብደትም ይናገራል፤ መዳብ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ከፍ ብሎ ይከብዳል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ባያስተላልፍ አይደለም። ነገር ግን ለተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ የበለጠ ይግላል፣ ሲተጣጠፍ ቶሎ ይሰበራል፣ ቪቴው ሥርም እየላላ ይሄዳል።

«ከቤት ሥራ የተረፈ ሽቦ ይበቃል»

ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ባለ አንድ ክር ደረቅ ሽቦ እዚያው እንዲቀመጥ ነው የተሠራው። የሳውንድ ዕቃ ገመድ በየዝግጅቱ ይጠቀለላል፣ ይፈታል፣ ይረገጣል፤ ደረቅ ሽቦ ይህን አይችልም። ቀይና ጥቁር የሆነው የስፒከር ገመድ የባሰ ነው፤ ልባሱ ለ220 ቮልት የታሰበ አይደለም። የሚፈለገው ሦስት ፍሌክሲብል ሽቦዎች በአንድ ውጫዊ ልባስ የተያዙበት ገመድ ነው። የአውሮፓ ደረጃ ከሆነ ላዩ ላይ ኤች05ቪቪ-ኤፍ የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል፤ ቡናማው ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው)፣ ሰማያዊው ኒውትራል (የሚመልሰው)፣ አረንጓዴና ቢጫው መሬት።

«ኦክስጅን የሌለው መዳብ ወይም ብር የተቀባ ይሻላል»

ተራው የኤሌክትሪክ መዳብና ኦክስጅን የሌለው መዳብ በማስተላለፍ አቅም ልዩነታቸው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦው ገጽ ላይ ብቻ ይሄዳል የሚባለውም በ50 ኸርዝ ላይ ቦታ የለውም፤ በዚህ ፍጥነት መዳብ ውስጥ ዘጠኝ ሚሊሜትር ያህል ጠልቆ ይገባል፣ የእኛ ሽቦ ደግሞ ጠቅላላ ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ገመዱ ላይ ቀስት አትመው «በዚህ አቅጣጫ ይሰካ» የሚሉም አሉ። ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 100 ጊዜ አቅጣጫ ይቀይራል፤ ቀስቱን ማን ሊያነብለት ነው?

«አምፕሊፋየሩ እምምም ካለ የመሬቱን ሽቦ ቁረጠው»

ከሁሉም ምክሮች ሰው የሚገድለው ይሄኛው ነው። ድምፁ እውነት ይጠፋ ይሆናል፤ ምክሩ ያልሞተውም ስለዚህ ነው። የመሬት ሽቦው ሥራ ግን ሌላ ነው፦ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ፌዝ ተላቆ ቆርቆሮውን ሲነካ ብሬከሩን ያስጥላል። ከተቆረጠ ቆርቆሮው 220 ቮልት ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ጊታሩን አንግቦ ማይክ የሚይዘው ሰው በራሱ አካል መንገዱን ይዘጋለታል።

ጫጫታው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሚክሰሩና አምፕሊፋየሩ ከተለያየ ሶኬት መሬት ሲያገኙ፣ በሁለቱ መሬቶች መካከል ያለው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት በሲግናል ገመዱ (ድምፁን ከሚክሰሩ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚያደርሰው) በኩል ስለሚዞር ነው። መጀመሪያ የሲግናል ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉ። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ይህ ዙር ነው፤ ዕቃዎቹን በሙሉ የመሬት መስመር ባለው አንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ፣ ባላንስድ ገመድ (ድምፁን በሁለት ሽቦ የሚያስኬድና ጫጫታን የሚያጠፋ) ይጠቀሙ፣ ካልሆነም በሲግናሉ መስመር ላይ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር (ድምፁን አሳልፎ ሁለቱን መሬቶች የሚለያይ) ያስገቡ። ተነቅሎም ከቀጠለ የአምፕሊፋየሩን ካፓሲተር የሚያይ ባለሙያ ይፈልጉ። የፓወር ገመድ መቀየር በሁለቱም አይረዳም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሶኬቱ የመሬት ጆሮ ስላለው ብቻ ከኋላው መሬት አለ ማለት አይደለም፤ ባለሙያ ይለካው።

ሁለት ሽቦ ብቻ ይዘው የሚመጡ ዕቃዎችስ? ጀርባቸው ላይ ካሬ ውስጥ ካሬ ምልክት ካለ በድርብ ልባስ የተሠሩ ናቸው፤ መሬት አይፈልጉም።

«ሺልድ (የብረት መረብ ሽፋን) ያለው ገመድ ጫጫታ ይከላከላል»

በጣም ትንሽ። የፓወርና የሲግናል ገመድ ጎን ለጎን አያስተኙ፤ መገናኘታቸው ካልቀረ በመስቀል ይተላለፉ። ይህ በነፃ ነው።

«ቁጥሩ የበለጠው ይወፍራል»

አሜሪካ ላላችሁ፦ በዚያ አለካክ 14 ቁጥር ከ18 ይወፍራል፤ 14 ወደ 2.1 ስኩዌር ሚሊሜትር፣ 18 ደግሞ ወደ 0.8 ነው። በ120 ቮልት ያው 500 ዋት 4.2 አምፔር ስለሚስብ 14 ወይም 16 ይምረጡ። እዚያ ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል፣ አረንጓዴው መሬት ነው። ገመዱን ይዛችሁ ስትመጡ ስፒናውን ቀይሩት፤ የተሠራው ለ125 ቮልት ነው። ከዱባይ ወይም ከኩዌት የሚመጣው ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር ስፒና ደግሞ ውስጡ ባልቦላ አለው፤ ቀጭን ገመድ ላይ 13 አምፔሩን ትታችሁ 3 አምፔር አስገቡበት።

«ጫፉን በሊድ መበየድ ያጠነክረዋል»

ቪቴ ሥር ለሚገባ ጫፍ አይሆንም። ሊድ ሲጫኑት ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ቪቴው ይላላል፣ የላላ ደግሞ ይግላል። ፌሩል የሚባለውን ትንሽ ቱቦ አልብሶ በፒንሳው መጭመቅ ነው፤ ከጠፋም ክሮቹን ጠምዝዞ ባዶአቸውን ማስገባት ይሻላል። የመሬቱን ሽቦ ስፒናው ውስጥ ከሌሎቹ ትንሽ አስረዝመው ይተዉት፤ ገመዱ በድንገት ቢጎተት የመጨረሻ የሚነቀለው እሱ ይሁን። ስፒናው ውስጥ ያለው የገመድ ማሰሪያ የሚይዘው የውጩን ልባስ እንጂ የውስጥ ሽቦዎቹን አይደለም።

ሳይሰኩት በቴስተር ይለኩት፦ መሬቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማለፍ አለበት፣ ሦስቱ ሽቦዎች ግን እርስ በርስ ምንም ሊገናኙ አይገባም። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርገው አንድ ሰዓት ያጫውቱና ስፒናውን በእጅዎ ይንኩት። ሞቅ ካለ ነቅለው ቪቴዎቹን እንደገና ያጥብቁ።