ደሞዝ ባይኖረውም ሥራ ነው

ሰሞኑን ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ «በቱሪስት ቪዛ ሄጄ ኦርጋኒክ እርሻ ላይ በበጎ ፈቃድ ባግዝ ምን ችግር አለው? ደሞዝ እኮ አልቀበልም!»

ግራ የሚያጋባው «በጎ ፈቃድ» የሚለው ቃል ነው። ዉፍ (WWOOF) የሚባለው፣ በጎ ፈቃደኞችን ከኦርጋኒክ እርሻዎች ጋር የሚያገናኘውና እ.ኤ.አ. በ1971 እንግሊዝ አገር የተጀመረው ፕሮግራም አሠራሩ ቀላል ነው። እናንተ በቀን ጥቂት ሰዓት ታርማላችሁ፣ ትኮተኩታላችሁ፤ ገበሬው ያበላችኋል፣ ያሳድራችኋል። ገንዘብ የለም። ግን ምግቡና መኝታው ራሱ በአንዳንድ አገሮች ሕግ እንደ ክፍያ ይቆጠራል።

ለምሳሌ አንዷ ልጅ ኒውዚላንድ ሄዳ በቀን አራት ሰዓት ቲማቲም ብትለቅምና ለዚያ አልጋና ምሳ ብታገኝ፣ እዚያ ሥራ ነው፤ የጎብኚ ቪዛ አይበቃትም። በእኛ ቋንቋ፣ ሽሮም ቢሆን ክፍያ ነው። እዚያው እርሻ ላይ ከፍላ ብታድር ግን ሌላ ነገር ነው።

እርግጡ ይሄ ነው፤ የዉፍ አባልነት ቪዛ አይደለም፣ ቪዛም አያሰጥም። ከአገር አገር የሚለየው የትኛው ቪዛ እንደሚፈቅድና ለስንት ቀን እንደሆነ ነው። እሱን ትኬት ሳትቆርጡ ኤምባሲውን በጽሑፍ ጠይቁ። ኤርፖርት ላይ «ልጎበኝ ነው» ብሎ ሻንጣ ውስጥ ቦት ጫማና የገበሬው ደብዳቤ ይዞ መገኘት ግን... በቃ፣ አታድርጉት።