የዓረፍተ ነገር ባለቤት ምንድን ነው? ስም ብቻ አይደለም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጥር ላይ «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አለ። አጥሩ ሥር ምን እንደተከመረ መናገር አያስፈልግም። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር አንስቶ «ባለቤቷ ቆሻሻ ነው፤ ባለቤት የሚሆነው ስም ብቻ ስለሆነ» ብሎ ፈረደ። ኧረ ተው!

እስቲ ቆሻሻውን እናብዛው፦ «ቆሻሻዎችን መጣል ክልክል ነው»። ማሰሪያው፣ ማለትም መዝጊያው ግሥ፣ የሚለዋወጠው ባለቤቱን ተከትሎ ነው። ታዲያ «ናቸው» ሆነ? አልሆነም። ጭራሽ «ን» ገባች። እንግዲህ ቆሻሻው ተሳቢ ነው፤ ድርጊቱ የሚያርፍበት ማለት ነው። የተከለከለው መጣሉ ነው። ባለቤቱም «ቆሻሻ መጣል» የሚለው ሐረግ በሙሉ።

ችግሩ የቃሉን ዓይነትና ሙያውን መደባለቅ ነው። ስም ዓይነት ነው፤ ባለቤት ቦታ ነው። የታክሲ ጋቢና በሉት። ስም ደንበኛ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይይዘዋል። ግን ተውላጠ ስምም («እሷ መጣች»)፣ ቅጽልም («ትልቁ ቀረ»)፣ ቁጥርም («ሦስቱ ወረዱ»)፣ «የቀደመው ገባ» እንደሚባለው ያለ ሐረግም ይቀመጥበታል። መስተዋድድ (እንደ «ወደ»፣ «ስለ» ያለው) ረዳቱ ነው፤ በር ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ጋቢና አይገባም። «መጣች» ብቻ ስንልስ? ጋቢናው ባዶ አይደለም። መስታወቱ ጠቁሮ ነው እንጂ ሴት እንደተቀመጠች «ች» ታሳብቃለች።

እርግጥ «ትልቁ ቀረ» ላይ ባለቤቱ ቅጽሉ ራሱ ነው ወይስ «ልጅ» የሚለው ስም ተውጦ ነው የሚለው ያከራክራል። ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል የምንላቸው የቃል ክፍሎች ቁጥርም ቢሆን አንድ አይደለም። ከአማርኛ ሰዋስው ጸሐፊዎች መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ስምንት ብለዋል። ባዬ ይማም ተውላጠ ስምን ከስም ደምረው አምስት አድርገዋቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያበሽቀኝ ግን «ባለቤት ማለት ድርጊት ፈጻሚ ነው» የሚለው ነው። «መንገዱ ተቆፈረ» ሲባል መንገዱ ምን አደረገ? ምንም። ባለቤቱ ግን እሱው ነው። ቆፋሪው ማን እንደሆነ እኛ ሰፈርም እስካሁን አልታወቀም።

«ሁለት ልጆች አሉኝ» ስልም ባለቤቱ እኔ አይደለሁም፤ ልጆቹ ናቸው። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ቢሆን «አለኝ»፣ ሴት ብትሆን «አለችኝ» እላለሁ። ማሰሪያው የሚከተለው እነሱን ነው፤ እኔ «ኝ» ሆኜ ጭራው ላይ ተለጥፌያለሁ። «ሁለት ልጅ አለኝ» የሚልም ሞልቷል፤ ያም ቢሆን ማሰሪያው የተከተለው «ልጅ» የሚለውን ነጠላ ቃል ነው፣ ተናጋሪውን አይደለም።