የቤት ሮቦት ለወሎ ቤት፦ ዋና ዋና ቴክኖሎጂዎቹና አሠራሩ

የቤት ሮቦት ማለት አካባቢውን እያየ፣ በራሱ እየወሰነና እየተንቀሳቀሰ የቤት ሥራ የሚያግዝ ማሽን ነው። እስካሁን በዓለም በብዛት የተሸጠው ወለል ጠራጊው ነው። እንደ ሩምባ ያሉት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ገበያ ላይ አሉ። እነሱ ግን የተሠሩት ለደልዳላና ለለስላሳ ወለል ነው።

ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በብዙ ግቢ ከበሩ ወደ ቤት መውጣት ወይም መውረድ አለ። ማድቤቱ ለብቻው ነው፣ በሩም ደፍ አለው። ወደ ገጠር ሲወጣ ወለሉ ራሱ አፈር ነው። ስለዚህ ለወሎ ቤት ሮቦት የሚነድፍ ሰው ከፊትና ከእጅ ሳይሆን ከጎማው ቢጀምር ይሻላል። ተራ ጎማ ከቁመቱ ግማሽ የሚበልጥ ደፍ መውጣት አይችልም፤ በተግባርማ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው የሚወጣው። መፍትሔው ትልቅ ጎማ፣ ወይም ስድስት ጎማዎችን በሚተጣጠፍ ክንድ ማያያዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ማርስ ላይ የሄደችው ሶጆርነር የተባለች ትንሽ ተሽከርካሪ ድንጋይ የምትሻገረው በዚህ ዘዴ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ሮቦቱ ምን ይሥራ የሚለው ነው። የእኔ መልስ ውሃ ይሸከም ነው። የእናቶችንና የልጃገረዶችን ወገብ የሚጎዳው እሱ ነው። 20 ሊትር ውሃ የያዘ ጄሪካን ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ክብደት በግማሽ ሜትር በተዘረጋ የሮቦት ክንድ ለማንሳት፣ መገጣጠሚያው ላይ ወደ 100 ኒውተን ሜትር የሚጠጋ የመጠምዘዝ ጉልበት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሞተርና ማርሽ ውድ ነው፣ ከባድም ነው። ጄሪካኑን ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ቀጥ ብሎ የሚያነሳ መድረክ ቢሠራለት ግን ነገሩ ይቀልላል። 20 ኪሎን 80 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ 160 ጁል እንኳ አይሞላም። መድረኩ እንደ ብሎን ጥርስ ባለው ጥምዝ ብረት ከተነሳ ሌላም ጥቅም አለ። ጥርሱ በአግባቡ ከተመረጠ ባትሪው ድንገት ቢያልቅ እንኳ ጭነቱ ባለበት ይቆማል፣ ማንም እግር ላይ አይወድቅም።

ለስላሳ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ አንድ ሮቦት ፎጣ ማጠፍ ችሎ ነበር። ለአንዱ ፎጣ ግን በአማካይ ከ20 ደቂቃ በላይ ወስዶበታል። የሚተጣጠፍ ነገር ቅርጹ ስለሚለዋወጥ ለኮምፒውተር ፈታኝ ነው። ነጠላ ማጠፍና እንጀራ ማውጣት ለሰው ይቆይ።

ሮቦት ያለበትን የሚያውቀው በብዙ ሴንሰሮች ነው። ሊዳር የሚባለው የሌዘር ብርሃን ልኮ ርቀት ይለካል። ካሜራ ዕቃ ይለያል። ጎማው ላይ ያለው ቆጣሪ ስንት ዙር እንደዞረ ይነግረዋል። ሶፍትዌሩ እነዚህን አቀናጅቶ የቤቱን ካርታ እየሳለ፣ በዚያው ቅጽበት ራሱን ካርታው ላይ ያስቀምጣል። ቡና ሲፈላ ነገሩ ይወሳሰባል። ቄጠማው ላይ ጎማ ስለሚንሸራተት ቆጣሪው ይዋሻል፤ የመዞር መለኪያውና ሊዳሩ ሊያርሙት ይገባል። የዕጣኑ ጭስ ሲበዛ ካሜራውን ይጋርዳል። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን የከሰል ምድጃው ነው። ፍሙ ወለል ላይ ነው፣ ጀበናው ላዩ ላይ ነው፣ ሕፃንም አጠገቡ ይድሃል። ስለዚህ ሙቀትን ከሩቅ የሚለይ የኢንፍራሬድ ሴንሰር የግድ ነው። ሲነካ ሮቦቱን የሚያቆም መከላከያና ማንም የሚደርስበት ቀይ ማቆሚያ ቁልፍም አይቀሩም። ቡናውን ራሱ ሮቦት ያፍላው አልልም። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ወግና ምርቃት የሰው ነው።

መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ባትሪው አቅም ሊኖረው ይገባል። 24 ቮልትና 20 አምፔር አወር የሆነ ባትሪ 480 ዋት አወር ይይዛል። በአማካይ 60 ዋት የሚወስድ ሮቦት በስሌት 8 ሰዓት ይሠራበታል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ከሌሎቹ ሊቲየሞች ይልቅ በሙቀት ለመቀጣጠል ስለሚያዳግት ለእንዲህ ዓይነት ቤት ይመረጣል። የደሴን ከፍታም መርሳት አይገባም። 2,500 ሜትር አካባቢ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሞተር የሚቀዘቅዘው በዝግታ ነው። ስለዚህ ከሙሉ አቅሙ በታች ማሠራት ነው።

ንድፉን ለመሞከር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል ምህንድስና ያስተምራል፣ ከተማዋም የብረታ ብረት ሥራ የለመደች ናት። እንደ ራስቤሪ ፓይ ያሉ ትንንሽ ኮምፒውተሮችና በነፃ የሚገኘው ሮስ የተባለ የሮቦት ሶፍትዌር ለጀማሪ ይበቃሉ። ለጎማው ደግሞ የመኪና መስታወት መጥረጊያ ሞተር ጥሩ መነሻ ነው። ፍጥነት የሚቀንስ ማርሽ አብሮት አለ፣ ቢበላሽም ጋራዥ ባለበት ከተማ ምትክ ይገኝለታል።