«መጀመሪያ ይስተካከል፣ ከዚያ ይመጣል» እና ሌሎች የገና ሰሞን ስህተቶች

በሰንበት ትምህርት ቤታችን መስተንግዶ ክፍል ማገልገል ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ በር ላይ ነው። ለመጣው ሰው ቦታ አሳያለሁ፣ ጫማ የት እንደሚቀመጥ እጠቁማለሁ፣ አረጋውያንን ደግፌ አስገባለሁ። በር ላይ የቆመ ሰው ብዙ ይሰማል። በየዓመቱ በኅዳር አጋማሽ ጾመ ነቢያት (የገና ጾም) ሲገባ «ዘንድሮ ከቤተ ክርስቲያን የራቁ ወዳጆቻችንን ይዘን እንምጣ» ይባላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ሰበቡ ይጀምራል። ሰበቡ ደግሞ ዓመት ቢቀየር አይቀየርም።

ከቀላሎቹ ልጀምር።

«ነጠላ የለውም፣ ምን ለብሶ ይመጣል?» አንቺ ስንት ነጠላ አለሽ? አንዱን አውሺው።

«ፖስተሩን ቴሌግራም ላይ ለቅቄዋለሁ፤ ጋብዣለሁ።» አልጋበዝክም። ለሠርግህ የምትፈልገውን ሰው እኮ ካርድ ይዘህ ቤቱ ድረስ ትሄዳለህ።

«ግዕዝ አይገባውም፣ ይሰለቸዋል።» ለአንተስ ሁሉም ይገባሃል? ወንጌሉ በአማርኛም ይነበባል። ስብከቱ በአማርኛ ነው። ግዕዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን ያደረገ መጽሐፈ ቅዳሴ ታትሞ ይሸጣል። አንድ ይዘህ አጠገቡ ቁም፣ የደረሳችሁበትን በጣትህ አሳየው። አንተም ትማርበታለህ።

«ገና ሁሌም ታኅሣሥ 29 ነው።» አይደለም። ጳጉሜን 6 ስትሆን የቀጣዩ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 እንደዚያ ነበር። እኛ ግን የመጋበዣ ፖስተሩን በ29 አሳትመን፣ አንድ ምሽት ሙሉ 9ኟን በእስክሪብቶ 8 ስናደርግ አመሸን። ቀጣዩ በ2020 ነው። ከአሁኑ ያዙት።

«ውጭ አገር እኮ የሥራ ቀን ነው፣ ማን ይመጣል?» ይህን የምትለኝ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። እውነቷን ነው፤ ጃንዋሪ 7 እዚያ በዓል ተብሎ አይዘጋም። ግን ጓደኞቿን የምትጠራው በዋዜማው በስልክ ነው! በዋዜማው ማን ፈቃድ ያገኛል? በኅዳር ብትነግራቸው ግማሾቹ ፈረቃ ይቀይሩ ነበር።

አሁን ወደ ከበድ ያለው። «ለአዲስ ሰው ምርጡ ቀን የገና ሌሊት ነው» ይላሉ። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የገና ሌሊት ያምራል። ላሊበላ ሄጄ በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ የሚባለውን የገና ዝማሬ ሰምቻለሁ። ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ከዓለቱ ጫፍ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው ሲቀባበሉ ሰውነት ይወርራል። ግን እዚያም ቢሆን ከአጠገቤ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፍ የወሰዳቸው ወጣቶች ነበሩ። ማኅሌቱ ከምሽት ጀምሮ ይቆማል፣ ቅዳሴው በሌሊት ነው። በእኛ አጥቢያ የሚያልቀው ወደ 9 ሰዓት ነው። ብርድ አለ። መቆሚያ የለም። ለዓመታት ያልመጣን ሰው እንዲህ ባለ ሌሊት አምጥተህ፣ ግፊያ ውስጥ ጥለኸው፣ አንተ ከመዘምራን ጋር ጽናጽል ስትይዝ እሱ ምን ይሁን?

ቤተ ክርስቲያን እኮ ለዚህ ቀድማ አስባለች። ከገና በፊት ሦስት ሳምንት አለ። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ስብከት ይባላል፤ ነቢያት «ይመጣል» ብለው መስበካቸው ይታሰብበታል። ከ14 እስከ 20 ብርሃን ነው። ከ21 እስከ 27 ኖላዊ፣ እረኛ ማለት ነው። በእነዚህ ሳምንታት ያሉት ሦስት እሁዶች የጠዋት ቅዳሴ ናቸው፣ ቦታ አለ፣ ሰባኪው ስለ ሰሞኑ ያስተምራል። በስብከት የመጣ ሰው ገና ሌሊት ላይ እንግዳ አይሆንም። የቱ ጋ እንደሚቆም ያውቃል፣ የሚያውቀው ፊት አለ። ግን የእኛ ሰው ሦስቱንም ዝም ብሎ ያሳልፍና በ28 ማታ ይደውላል።

ይህ ሁሉ ግን የሚታገሡት ነው። የማልታገሠው አንድ ነው።

«መጀመሪያ ይስተካከል፣ ከዚያ ይመጣል።»

ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቤቱን አክብረው ነው። የሚያምታቱት ግን ሁለት ነገር ነው፤ መቁረብንና መምጣትን። ለመቁረብ ንስሐ አለ፣ ጾም አለ፣ ዝግጅት አለ። በዚህ ማንም አይከራከርም። ለመምጣት ግን መምጣት ብቻ ነው።

ካላመናችሁ ቅዳሴውን ስሙ። ዲያቆኑ «ጻኡ ንኡሰ ክርስቲያን» የሚለው መቼ ነው? ንኡሰ ክርስቲያን ማለት ገና በመማር ላይ ያሉ፣ ያልተጠመቁ ሰዎች ናቸው። ውጡ የሚባሉት ወንጌል ከተነበበ በኋላ ነው። ውጡ ለመባል ደግሞ መጀመሪያ መግባት ያስፈልጋል አይደል? ያልተጠመቀው ሰው የጳውሎስን መልእክትም ወንጌሉንም ሰምቶ ይወጣ ነበር። አንተ ታዲያ ተጠምቆ ክርስትና የተነሣውን ጎረቤትህን ከውጭው በር ትመልሰዋለህ። ወንድሜ፣ ማን በረኛ አደረገህ? በረኛዋ እኔ ነኝ፤ እኔን ማንም አባርሪ አላለኝም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ የራይድ ሾፌር አለ። በየወሩ በ19 እናቱን ለገብርኤል ያመጣቸዋል። በሩ ላይ ያወርዳቸውና መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል። ሥራ እየተቀበለ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሳየው ስልኩንም ዘግቶ ተቀምጧል።

«አንተ፣ ለምን አትገባም?» አልኩት።

«እህቴ፣ እኔ ጫት የምቅም ሰው ነኝ። አንዴ ልገባ ስል አንድ ሰውዬ "እንዲህ ሆነህ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ እዚሁ ነኝ።»

«መቼ ነው ይሄ?»

«ኧረ ቆየ። ሰባት ዓመት ይሆነዋል።»

ሰባት ዓመት! ያ ሰውዬ በማግሥቱ ረስቶታል። ምናልባትም ያን ጊዜ በር ላይ የቆምኩት እኔው ነኝ፤ ከኋላዬ ሲባል አልሰማሁም። ያ ነገር አሁንም ይከነክነኛል።

«ና፣ ቅዳሴ አስቀድስ» አላልኩትም። በስብከት እሁድ እናቱን ሲያመጣ «የእትዬን በርጩማ ተሸክመህ አስገባልኝ፣ ወገቤን አሞኛል» አልኩት። «አስቀምጬ እወጣለሁ» አለ። አስቀመጠ። አልወጣም። ወይራው ሥር ቆመ፣ እስከ መጨረሻው። በብርሃን እሁድ ሳልጠራው መጣ። ጫቱን ተወ ወይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልጠየቅኩትም። የንስሐ አባቱ ጉዳይ ነው። አሁን የንስሐ አባት አለው።

በወንጌል ፊልጶስ ናትናኤልን ሲጠራው፣ ናትናኤል «ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?» ብሎ ያፌዛል። ፊልጶስ አልተከራከረም። «መጥተህ እይ» አለው፣ በቃ። ወደ ቤተልሔም የተጠሩት እረኞችም ከመንጋቸው አጠገብ ተነሥተው ነው የሄዱት። ማንም መጀመሪያ ታጠቡ አላላቸውም።

ስለዚህ ስትጋብዝ አታስተምር። «እሁድ ጠዋት ቤትህ እመጣለሁ፣ አብረን እንሂድ» በል። «ብትመጣ ደስ ይለኛል» ማለት ጥሪ አይባልም፤ ሰውየው ብቻውን በሩ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ስንቱን ሲመለስ አይቻለሁ። የሚቆምበትን ቦታ ከራስህ አትለየው። ደከመኝ ካለ ግቢው ውስጥ ይቀመጥ። በመሀል መውጣት ከፈለገም አትቆጣው።

የመጨረሻዋን ልረሳት ነበር። «ቅዳሴው አለቀ፣ ሥራዬም አለቀ።» ይህቺ የጋባዦች በሽታ ናት። እንግዳው ጫማውን ሲፈልግ እነሱ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲሳሳሙ አያቸዋለሁ። ቤትህ ይዘኸው ሂድ እንጂ! ጾም ነው፤ ሽሮና ጎመን ይበቃል። ዶሮውን ለ29 አቆየው። በ2020 ከሆነ ደግሞ ለ28።