ለህትመትም ለዌብም ሚሆን ርካሽ የዲዛይን ሶፍትዌር፦ ድሬ ላይ ሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮችና እውነታው

ድሬ ውስጥ ህትመት ቤት በር ላይ ትንሽ ቆም ብለህ ብታዳምጥ ስለ ዲዛይን ሶፍትዌር ሚወራው ግማሹ ድሮ እውነት የነበረ፣ ግማሹ ደሞ መቼም እውነት ሆኖ ማያውቅ ነው። ከዚራ ሂድ፣ ሳቢያን ሂድ፣ ሐረር ወጥተህ ሸዋ በር ጋ ጠይቅ፣ ያው ነው። ጀማሪው ልጅ ሚጠይቀው ግን ቀላል ነው፦ ቢዝነስ ካርድም ባነርም ልስራ፣ ለቴሌግራምና ለዌብሳይትም ልስራ፣ ብር ግን የለኝም፣ ምን ልጫን? እስቲ ወሬዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው። (አንተ እያልኩ ነው ምጽፈው፣ ድሬ አንቱ አታውቅም፣ ሴቶች አንቺ ብላችሁ አንብቡት።)

«አዶቢ ከሌለህ ማተሚያ ቤት አይቀበልህም»

ማተሚያ ቤት ሚቀበለው ፋይል ነው እንጂ ሶፍትዌር አይደለም። ማሽኑ ጋ ያለው ሪፕ ሚሉት ፕሮግራም ፒዲኤፉን አንብቦ ወደ ቀለም ነጥብ ይቀይረዋል፣ ፒዲኤፉ ከአዶቢው ኢሉስትሬተር ይውጣ ስክራይበስ ከሚባለው ነጻ የገጽ ማቀናበሪያ ጉዳዩ አይደለም። ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ልኩ ትክክል ነው ወይ፣ ዙሪያውን ተቆርጦ ሚወድቅ 3 ሚሊሜትር ብሊድ አለው ወይ፣ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ገብቷል ወይ፣ ከለሩስ በምንድነው የተሰራው። እነዚን ሚያሟላ ፒዲኤፍ አንድ ብር ሳታወጣ መስራት ይቻላል።

ወሬው ከየት መጣ ካልክ፣ አንዳንድ ቤት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ልጅ ፋይሉን ራሱ ነካክቶ ማስተካከል ስለለመደ «ኤአይ አምጣ፣ ፒኤስዲ አምጣ» ይልሃል (የኢሉስትሬተርና የፎቶሾፕ ፋይል ማለቱ ነው)፣ ኮሬል ድሮው ሚባለው ሌላ የዲዛይን ፕሮግራም ካልሆነ ሚል ደሞ አለ። የልማድ ጉዳይ ነው፣ ግን አትናቀው፣ ስራህ ሚያልፈው በዛ ልጅ እጅ ነው። ስለዚ ሶፍትዌር ከመምረጥህ በፊት ምታሳትምበት ቤት ሄደህ ፒዲኤፍ ትቀበላላችሁ ወይ፣ ሲኤምዋይኬ ነው አርጂቢ ምትፈልጉት (የከለር አሰራር ናቸው፣ ከታች እናያቸዋለን)፣ ብሊድ ስንት ልተው ብለህ ጠይቅ። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሶፍትዌር መርጦ፣ ወራት ተምሮ፣ ከዛ ነው ማተሚያ ቤቱን ሚያናግረው፣ ተገላቢጦሽ ነው።

አዶቢ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ለመጽሐፍና ለመጽሔት የአዶቢን ኢንዲዛይን ሚያክል የለም ባይ ነኝ። ግን ከፈረንጆቹ 2013 ጀምሮ አዲሱን አንዴ ገዝቶ መገላገል ቀርቶ በየወሩ መክፈል ነው የሆነው፣ ክፍያው በዶላር፣ ብር ደሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃለህ፣ መክፈል ስታቆም ፕሮግራሙም ይዘጋብሃል። በወር ጥቂት ቢዝነስ ካርድና አንድ የሰርግ መጥሪያ ሚሰራ ልጅ ያንን ከየት አምጥቶ ይከፍላል?

«ታዲያ ክራክ አለ አይደል፣ ነጻ ነው»

ነጻ ይመስላል። ክራክ፣ ማለት ሳይከፈልበት እንዲሰራ ቁልፉ የተሰበረ ሶፍትዌር፣ ስትጭን መጀመሪያ ሚሉህ አንቲቫይረሱን አጥፋ ነው፣ በቃ እዛ ጋ በሩን ከፈትክ። ስቶፕ ዲጄቪዩ ሚባለው ራንሰምዌር በብዛት ሲሰራጭ የኖረው ክራክ መስሎ ነው፣ ገብቶ ፋይልህን በሙሉ ይቆልፍና የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ የራሱን ስም ለጥፎ በዶላር ክፈል የሚል ጽሁፍ ትቶልህ ይሄዳል። የደንበኛ ሎጎ፣ የሰርግ ፎቶ፣ ያልደረሰ ባነር፣ ሁሉም። ህጉም ካንተ ጋር አይደለም፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል።

«ነጻ ሶፍትዌር ሲኤምዋይኬ አይችልም»

ይሄኛው ግማሽ እውነት ስላለው ነው ሰው ሚያሳስተው። ስክሪን ከለር ሚሰራው በብርሃን ነው፣ በቀይ በአረንጓዴ በሰማያዊ፣ አርጂቢ ሚሉት። ህትመት በቀለም ነው፣ ሳያን ማጀንታ ቢጫ ጥቁር፣ ሲኤምዋይኬ። ስክሪን ላይ ዓይን ሚወጋው አረንጓዴና ደማቅ ሰማያዊ በነዚህ አራት ቀለሞች አይገኝም፣ ሲታተም ይደበዝዛል፣ የፈለከውን ሶፍትዌር ግዛ አይመጣም። ሰው ግን ህትመቱን አይቶ ሶፍትዌሩን ይሰድባል።

አሁን ወደ ፕሮግራሞቹ። ስክራይበስ ነጻ ነው፣ ሲኤምዋይኬ ከድሮ ጀምሮ አለው፣ ፒዲኤፍ ኤክስ ሚባለውን የህትመት ስታንዳርድም ያወጣል፣ መልኩ ያረጀ ነው እንጂ ስራውን ያውቃል። ክሪታ ሚባለው ነጻ የስዕል ፕሮግራምም በሲኤምዋይኬ መሳል ያስችላል። ነጻው የፎቶ ማስተካከያ ጂምፕ ለአመታት ሲወቀስ የኖረው በዚ ነበር፣ በፈረንጆቹ ማርች 2025 የወጣው 3.0 ግን ሲታተም ምን እንደሚመስል ያሳይሃል፣ ጄፔግና ቲፍም በሲኤምዋይኬ ያወጣልሃል፣ ውስጥ ውስጡን ሚሰራው ግን አሁንም በአርጂቢ ነው። ለሎጎና ለመሳሰለው ሚሆነው ነጻው ኢንክስኬፕ ሚያወጣው ፒዲኤፍ አርጂቢ ነው፣ ስለዚ ሎጎውን እዛ ትሰራና በኤስቪጂ (ቢተልቅም ማይደበዝዝ የስዕል ፋይል) ሴቭ አርገህ ስክራይበስ ውስጥ አስገብተህ ከለሩን እዛ ታስተካክላለህ፣ አሰልቺ ነው ግን ይሰራል። አፊኒቲ፣ መጨረሻ ላይ ምንመለስበት የዲዛይን ፕሮግራም፣ ሲኤምዋይኬውም ፒዲኤፍ ኤክሱም አለው። ፊግማ የለውም፣ እሱ የዌብና የአፕ ነው፣ ማተሚያ ቤት ይዘኸው አትሂድ።

ከዚ ሁሉ ብዙ ሰው ማያየው ግን ጥቁር ጽሁፍ ነው። በአርጂቢ የጻፍከው ጥቁር ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር አራቱም ቀለም ተደባልቆ ይመጣል፣ ኦፍሴት (ለየቀለሙ የተለየ ፕሌት አርጎ ሚያትመው ማሽን) ላይ ፕሌቶቹ የጸጉር ያህል ከተዛነፉ ትንንሹ ጽሁፍ ዙሪያ ባለቀለም ጥላ ይወጣል፣ የኛ ፊደል ደሞ ቀጫጭን እግርና ትንንሽ ቀለበት ስላለው ሞልቶ ይጠፋል። የኪስ መጽሐፍ ወይ የመጥሪያ ጽሁፍ በዚ ሲበላሽ አይተህ ታውቅ ይሆናል። ጽሁፍ ሲሆን ጥቁሩ 100 ፐርሰንት ሌሎቹ 0 መሆን አለባቸው፣ ስለዚ ኦፍሴት ለምታሳትም ሰው ይሄን በቁጥር ምታስገባበት ሶፍትዌር ያስፈልግሃል። ለባነርና ለዲጂታል ፕሪንት ግን ብዙ ማሽን አርጂቢውን ተቀብሎ ራሱ ይቀይረዋል፣ ባነር ብቻ ለምትሰራ ልጅ ኢንክስኬፕ ብቻውን ይበቃታል።

«ካንቫ ሁሉንም ይጨርሳል»

«ካንቫ የህጻን ጨዋታ ነው» ሚሉም አሉ፣ ሁለቱም ያጋንናሉ። ለፌስቡክና ለቴሌግራም ፖስት የካንቫን ፍጥነት ማንም አይደርስበትም። ነጻው ላይ ለህትመት ሚሆን ፒዲኤፍ በብሊድና በመቁረጫ ምልክት ታወጣለህ። ሲኤምዋይኬ፣ ኤስቪጂ፣ ጀርባው ባዶ የሆነ ፒኤንጂ ግን ለከፈለ ነው፣ ዌብሳይት ሚሰራልህ ሰው ደሞ ሎጎ ላክ ሲልህ ሚፈልገው እነዚን የመጨረሻ ሁለቱን ነው። ሌላው፣ ከካንቫ ስዕል ላይ የሰራኸውን ሎጎ በንግድ ምልክት አስመዝግበህ ያንተ ብቻ ማድረግ አትችልም፣ ስዕሉ ለሁሉም ተጠቃሚ የተፈቀደ ነው፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሁለት ሱቅ አንድ አይነት ሎጎ ሰቅለው ብታይ እንዳይገርምህ። እና ዋናው ስራው በኢንተርኔት ነው፣ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ነው ሚሄደው።

«ሁሌም 300 ዲፒአይ ካልሆነ አይታተምም»

ዲፒአይ ማለት አንድ ኢንች ላይ ሚያርፈው የነጥብ ብዛት ነው። 300 እጅ ላይ ለሚያዝ ወረቀት ልክ ነው፣ ኤ4 በ300 ሲሆን 2480 በ3508 ፒክስል ነው። 3 በ2 ሜትር ባነር በ300 ካልክ ግን ወደ 35400 በ23600 ፒክስል ይመጣል፣ ፋይሉ ሳይጨመቅ ከ2 ጊጋባይት ያልፋል፣ ላፕቶፕህ ይቆማል፣ ከዛ «ሶፍትዌሩ ደካማ ነው» ትላለህ። ባነር ከመንገድ ማዶ ነው ሚታየው፣ በ100 ብትሰራው ዘጠኝ እጥፍ ይቀላል፣ ልዩነቱንም ማንም አያይም። ዌብ ላይ ደሞ የዲፒአይ ቁጥር ዋጋ የለውም፣ ሚቆጠረው ፒክስሉ ነው፣ 72 ሚለውን 300 ብለህ ስለጻፍክ ፎቶ አይጠራም። ደንበኛ ፎቶ በቴሌግራም ሲልክልህ በፋይል ላክልኝ በለው፣ ተጨምቆ 1280 ፒክስል የሆነ ፎቶ በ300 ሲታተም ወደ 11 ሴንቲሜትር ነው ሚሆነው።

«አማርኛ ፎንት ሁሉም ያው ነው»

ስለ ሶፍትዌር ዋጋ ስናወራ ማንም አያነሳውም እንጂ ለህትመትም ለዌብም ለሚሰራ ሰው ከሁሉ በላይ ጊዜ ሚበላው ይሄ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ ሚጋሩት የፊደል ቁጥር ስርዓት) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዛ በፊት የተሰሩት ፎንቶች በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛውን ቅርጽ አስቀምጠው ነው ሚሰሩት፣ የድሮ ደብዳቤና መጥሪያ በነሱ ስለተጻፈ ዛሬም ህትመት ቤት ኮምፒውተር ላይ ታገኛቸዋለህ። ወረቀት ላይ ያምራሉ፣ እሱን አልክድም። ያንኑ ጽሁፍ ኮፒ አርገህ ቴሌግራም ወይ ዌብሳይት ላይ ስትለጥፈው ግን የተመሰቃቀለ ላቲንና ምልክት ይሆናል፣ ጉግል ላይ ሰው ቢፈልገውም አይመጣም። ደንበኛው ብሮሸሩን ዌብሳይት ላይ አርግልኝ ሲልህ ሙሉውን እንደ አዲስ መተየብ ነው።

ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ከጻፍክ ግን አንዴ የተየብከው ለሁለቱም ይሆናል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፣ ሰርተህ ብትሸጥባቸውም ዌብሳይት ውስጥ ብታስገባቸውም ማንም አይጠይቅህም፣ ኖቶ ደሞ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ስላለው ለርዕስም ለጽሁፍም ይሆናል። ከላይ የጠራኋቸው ነጻ ሶፍትዌሮች በዩኒኮድ አማርኛ ይጽፋሉ።

እኛ ጋ ደሞ አማርኛ ብቻ አይበቃም። አንድ ታፔላ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ሊይዝ ይችላል፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ አረብኛም ሊጨመር ይችላል። ኦሮምኛና ሶማሊኛው በላቲን ስለሆነ ቦታ ይበላል እንጂ አያስቸግርም። አረብኛ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድና ፊደሉ ስለሚያያዝ ሶፍትዌሩን ይፈትነዋል። ኢንክስኬፕ በደንብ ይጽፈዋል፣ የስክራይበስ 1.6ም እንደዛው፣ አፊኒቲ 1ና 2 ግን ከቀኝ ወደ ግራ አይችሉም ነበር። ሶፍትዌር ስትመርጥ አንድ መስመር በየቋንቋው ጽፈህ ፒዲኤፍ አውጥተህ በሌላ ሰው ስልክ ክፈተው፣ ከማንም ማስታወቂያ በላይ ይነግርሃል።

«ላፕቶፕህ ካልጠነከረ አትሞክረው»

ለቪዲዮ እሺ። ኢንክስኬፕና ስክራይበስ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ፣ ሊኑክስም ላይ ይሰራሉ። ሰው ፒኤስዲ ከላከልህ ፎቶፒ ብሮውዘር ውስጥ ይከፍተዋል፣ ሳትጭን። ኢሉስትሬተር ላይ ሴቭ የተደረገ ኤአይ ደሞ ብዙ ጊዜ ውስጡ ፒዲኤፍ ስላለ ኢንክስኬፕ ይከፍተዋል።

«ነጻ የተደረገ ነገር መያዣ አለው»

ይሄ ስለ አፊኒቲ ነው ሚወራው፣ ሙሉ በሙሉም ውሸት አይደለም። አፊኒቲን የሰራው ሰሪፍ ሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ነው፣ በ2024 ካንቫ ገዛው፣ በኦክቶበር 2025 ሶስት የነበሩትን ፕሮግራሞች አንድ ላይ አርጎ በነጻ ለቀቀው። የካንቫ አካውንት ይጠይቅሃል፣ የኤአይ (የሰው ሰራሽ አስተውሎት) ነገሮቹ ለከፈለ ብቻ ናቸው፣ የቀረው ግን ክፍት ነው። ዊንዶውስ ያለው ሰው ኦፍሴትም ዌብም ሚሰራ ከሆነ ዛሬ ከርካሾቹ ውስጥ መጀመሪያ ሞክር ምለው እሱን ነው። ነገ ባለቤቱ ሃሳቡን ቢቀይር ምን ይሆናል ካልክ፣ ኢንክስኬፕና ስክራይበስ ፈቃዳቸው ማይነጠቅ ስለሆነ እነሱንም አጠገቡ ጭነህ ተው፣ የሰራኸውን ሎጎ ሁሉ ደሞ ከአፊኒቲው ፋይል ጎን በኤስቪጂና በፒዲኤፍ አስቀምጥ።