ክረምትና ሳይክል በባሕር ዳር

ባሕር ዳር ያደገ ልጅ ሳይክል የሚለምደው ዝናብ በሚዘንብበት ወቅት ነው። ሌላ ምስጢር የለውም፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ እናት "ከፊቴ ዞር በሉልኝ" ትላለች፣ ሰማዩ ደግሞ "ግቡ" ይላል። በሁለቱ መሀል የምትገኘው ጥቂት ሰዓት የሳይክል ናት።

ስለዚህ የባሕር ዳር የዕረፍት ጊዜ ሽርሽር ከፈረንጆቹ ጋር ወሩ ቢገጥምም አየሩ አይገጥምም። እነሱ በሐምሌ ፀሐይ ፍለጋ ይወጣሉ። እኛ ዝናቡ ጋብ ሲል እንወጣለን፣ ሳይመለስብን እንገባለን። የከተማዋ አማካይ የዓመት ዝናብ 1,400 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ደግነቱ ልማዱ ይታወቃል። ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ያወርደዋል፣ ጠዋቱን ለሰው ይተዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስ መንገዱ ርጥብ ቢሆንም ሰማዩ ይታገሣል። ከ8 ሰዓት በኋላ የወጣ ሰው ግን ዕድሉን እየሞከረ ነው።

ከተማዋ ለምን ለሳይክል ተመቸች?

መልሱ መሬቱ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ የተዘረጋ ሜዳ ናት። የቤዛዊትን ኮረብታ ካልቆጠርን ዳገት የሚባል ነገር የለም። አዲስ አበባ ከአራት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሳይክል የሞከረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከተማዋ አሁን የያዘችውን መልክ መያዝ የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተሠራ። በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ፤ ዛሬም "ፖሊ" የምንለው ግቢ እሱ ነው። በዚያው ዘመን ማብቂያ ላይ የጀርመን ባለሙያዎች ማስተር ፕላን አወጡላት። ሰፋፊና ቀጥ ያሉ፣ ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎች የዚያ ዘመን ውርስ ናቸው። ታክሲም ባጃጅም ባልነበረበት ጊዜ ሠራተኛው፣ አስተማሪውና ተማሪው እነዚህን ጎዳናዎች በሳይክል ሞላቸው። የሳይክል ከተማ የሚለው ስም የመጣው ከስፖርት ሳይሆን ከዚህ የዕለት ኑሮ ነው።

ለዚህም ይመስለኛል ሴቶች በሳይክል መሄዳቸው ማንንም የማይገርመው። በሌላ ከተማ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላ ጣል አድርጋ ሳይክል የምትነዳ ሴት ካለች ሰው ዞር ብሎ ያያታል። እዚህ ቅርጫቷን ከኋላ አስራ ገበያ ደርሳ ትመለሳለች፣ ያያትም የለም።

ውድድሩ ሌላ ታሪክ አለው፣ ማዕከሉም ሌላ ቦታ ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። መቀሌ ፈጣኖቹን አፈራች። ባሕር ዳር ዘና ብለው የሚነዱትን ይዛለች፣ እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ።

በሐይቁ ዳር

ጀማሪ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይነሣል። ሐይቁን ተከትሎ በዛፍ ጥላ ሥር የሚሄደው መንገድ አጭር ነው፤ ልጅ አፈናጦ ለመሄድም ይሆናል። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማቱ የእግረኛና የብስክሌት መተላለፊያ እየተሠራ ነው። አንድ ቅሬታ አለኝ። "በሐይቁ ዳር" ስል ሐይቁ ሁልጊዜ ይታያል ማለቴ አይደለም። ረዘም ላለ ርቀት የሚታየው አጥር ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ውሃውን ለማየት ማኪያቶ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ውሃው በሚታይበት ቦታ ግን ቆም ማለት ነው። ጠዋት ላይ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ይታያሉ። ከዘጌ በኩል እንጨት ጭነው ወደ ገበያ የሚመጡ አሉ፣ ዓሣ የሚያወጡ አሉ። ወፍ ለሚወድ ሰው ይብራ የሚባለው ትልቁ ነጭ ወፍም አይጠፋም። የጣና አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ነፋሱን ልብ ማለት ይጠቅማል። ጠዋት ጸጥ ያለ ነው። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ የነዳ ሰው ነፋሱ ከኋላ ይገፋዋልና ጉልበቱን ያደንቃል። ሲመለስ ይገባዋል።

ዓባይ ማዶና ቤዛዊት

ከሽርሽሮቹ ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ከመሀል ከተማ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወጥቶ ዓባይን መሻገር ነው። ከድሮው ድልድይ አጠገብ የተሠራው አዲሱ ድልድይ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፣ ለእግረኛና ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። ለሳይክል ነጂ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በድሮው ጠባብ ድልድይ ከአይሱዙ ጋር ጎን ለጎን መሻገር ጸሎት የሚያስደግም ነበር።

ድልድዩ ላይ በክረምት የሚቆመው ሰው ብዙ ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣው እዚሁ ነው። ነሐሴ ውስጥ ወንዙ ይደፈርሳል፣ ዳርና ዳሩ ይሞላል። አንዳንዴ ጉማሬ ራሱን ብቅ ያደርጋል። ከድልድዩ ሆኖ ማየቱ ጥሩ ነው። ከወንዙ ዳር ወርዶ ለማየት መሞከር ግን ጅልነት ነው፤ ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲነጋጋ ወደ ውሃው ሲመለስ መሀል መንገድ የሚያገኘውን አይወድም።

ከተሻገሩ በኋላ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወንዙን እየተከተሉ ቤዛዊት ኮረብታ ላይ መውጣት ይቻላል። አናቱ ላይ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተሠራው ቤተ መንግሥት አለ። እሱን ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም፣ ካሜራውን ወደ ወንዙ ማዞር ነው። ከላይ ሲያዩት ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ በአረንጓዴው መሀል ሲጠማዘዝ፣ ከተማዋም ከዛፍ ሥር ተደብቃ ቆርቆሮዋ ብቻ ብልጭ ሲል ይታያል። በበጋ ይህ እይታ አቧራ ይሸፍነዋል። በክረምት ጠዋት ዝናብ ካጠበው በኋላ ግን ዓይን እስከቻለ ድረስ ይታያል።

አወጣጡ ማርሽ ለሌለው ሳይክል ይከብዳል። ብዙው ሰው ወርዶ ይገፋል፣ የሚያፍርም የለም። አደጋው ሲወርዱ ነው። ፍሬን ሲረጥብ አይዝም። መውረድ ከመጀመር በፊት ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ ማድረቅ ልማድ ነው።

ራቅ ላለ

ዳገት የማይወድ ድልድዩን ተሻግሮ በጎንደሩ አስፋልት ወደ ዘንዘልማ ይቀጥላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ ያለው እዚያ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ግን መኪናው ይፈጥናል።

ጢስ ዓባይ የሙሉ ቀን ጉዳይ ነው። ፏፏቴው ከከተማው በደቡብ ምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ መንገዱ በሰባታሚት በኩል ያልፋል። ለረጅም ዘመን ጠጠርና አቧራ ነበር፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ። ታዲያ ለምን በክረምት? ምክንያቱም ፏፏቴው ፏፏቴ የሚሆነው ያኔ ነው። ከፍታው ከ40 ሜትር በላይ ነው፤ ወንዙ ሲሞላ ከአፍ እስከ አፍ ይወርዳል። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ የሐይቁ ውሃ በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል። ስለዚህ በበጋ 30 ኪሎ ሜትር ፔዳል ረግጦ የሄደ ሰው ቀጭን ውሃ አይቶ ሊመለስ ይችላል። ነሐሴና መስከረም ላይ ግን ጢሱ ከሩቅ ይቀበልዎታል። ወደ ፏፏቴው በእግር ሲሄዱ የሚሻገሩት አሮጌ የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው ነው።

ወደ ዘጌም በየብስ መንገድ አለ፣ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ይሆናል። በበጋ በቡና ደኑ ጥላ ውስጥ ገብቶ እነ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ማየት ደስ ይላል። በክረምት ግን አልመክርም። ጭቃው ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ከዚያ በኋላ ሳይክሉ ነው ሰውን የሚነዳው። በጀልባ ሄዶ በጀልባ መመለስ ይሻላል።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ የማይታለፍ ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. መገባደጃ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያት ከከተማ መውጣት እንደ ድሮው "ሳይክሌን ይዤ ልምጣ" የሚባል ነገር አይደለም። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ የሰዓት ገደብ የሚጣልበት ጊዜ አለ። ለጢስ ዓባይና ለዘጌ ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዝናብ ሳይሆን ስለ ሰላም ነው። ብዙዎች ሽርሽራቸውን ከድልድዩ ወዲህ ወስነዋል።

ስለ ሳይክሉ ራሱ

የራሱ የሌለው ይከራያል። ኪራዩ በሰዓት ነው፣ መያዣው መታወቂያ ነው። ከመቀበል በፊት ፍሬኑን፣ ጎማውንና ካቴናውን ማየት ነው። እኔ አንዴ ሳላይ ተቀብዬ ከድልድዩ ማዶ ካቴናው ተበጠሰ። ስመለስ አከራዩ "ሲሄድ ደህና ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሲሄድ ደህና ነበር።

በነገራችን ላይ የሳይክል ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ፍሬን፣ ካቴና፣ ካላማዳሪ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ። ካላማዳሪ ቢተነፍስ ጎሚስታ በየሰፈሩ አለ። በፌስታል የታሰረ መለጠፊያና ትንሽ ፖምፓ የያዘ ሰው ግን የማንንም ደጅ አይጠናም። ለክረምት ሌላ የሚያስፈልገው የጭቃ መከላከያ ነው። የሌለው ሰው ከኋላው ሲታይ ይታወቃል፤ ከወገቡ እስከ ማጅራቱ ቀጥ ያለ የጭቃ መስመር አለው።

የባሕር ዳር ሳይክል የቀነሰው በባጃጅ ነው። ባጃጅ ሲበዛ አጭሯን መንገድ ሁሉ ወሰዳት፣ የመንገዱንም ጠርዝ ያዘው። ባጃጅ ያለ ምልክት ይታጠፋል፣ ተሳፋሪ ካየ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ልምድ ያለው ነጂ ዓይኑን የሚጥለው ባጃጁ ላይ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ዳር ቆሞ እጁን ሊያነሳ ያለው ሰው ላይ ነው። ያ ሰው እጁን ካነሳ ባጃጁ ይቆማል።

ዝናብ ከያዘ

ይይዛል። ደመናው ከሐይቁ በኩል ሲጠቁር ቢበዛ ሩብ ሰዓት አለ። ያኔ የሚደረገው አቅራቢያ ያለ በረንዳ ሥር መግባት ነው። የማያውቁት ሰው በረንዳም ቢሆን "ግቡ፣ ግቡ" ይባላል። በነሐሴ መጨረሻ ከሆነ በረንዳው ሥር በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት አትጠፋም። ሳይክሉ ግድግዳው ላይ ይደገፋል፣ ሰው ከሰል ዙሪያ እጁን ያሞቃል፣ በቆሎው ይፈነዳል። ከዚህ ሽርሽር ልጆች የሚያስታውሱት ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው።

ጳጉሜን ላይ ዝናቡ ይሳሳል። አደይ አበባ በየሜዳው ይወጣል፣ የሳይክሉ መጫኛም በአበባ ይሞላል። መስከረም ሲጋመስ ትምህርት ይከፈታል። ያው ሳይክል ደብተር ይጫንበታል፣ ታላቁ ይነዳል፣ ታናሹ ከኋላ ይፈናጠጣል።