«ገደሉ ለጎጆ ጊዜ ዝግ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ወፎች ገደል ላይ ጎጆ ሠርተው እንቁላል ሲታቀፉና ጫጩት ሲያሳድጉ፣ ገደሉ ወይም ከፊሉ በገመድ ለሚወጡ ሰዎች ይዘጋል። በየዓመቱ የሚነሳው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጎጆውን ካልነካሁ ምን ችግር አለው?» አለው።

ደንቡ የሚከለክለው መንካትን ብቻ ሳይሆን መረበሽንም ነው። ጭልፊት ሰው ሲጠጋት፣ በተለይ ከበላይዋ ሲመጣባት፣ የታቀፈችውን እንቁላል ትታ ትነሳለች። አንተ ገመድህን ስታስተካክል እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። ከፍ ያሉ ጫጩቶች ደግሞ ደንግጠው፣ መብረር ሳይችሉ ከጎጆው ሊዘሉ ይችላሉ።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገደል ላይ አሥር መውጫ መስመሮች አሉ እንበል። ከ1 እስከ 4 ያሉት ተዘግተዋል። በ7 ብትወጣ ችግር የለም። ጫፍ ደርሰህ በ3 በኩል በገመድ ከወረድክ ግን ደንቡን ጥሰሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው።

መዘጋቱ ለምን ወራት ይፈጃል? ፔሪግሪን የምትባለው ገደል ላይ የምትጥል ጭልፊት እንቁላሏን አንድ ወር ገደማ ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ እስኪበሩ ደግሞ ስድስት ሳምንት ያህል ይወስዳል።

የሚዘጋበት ቀንና ስፋቱ ግን እንደየቦታው ይለያያል። ወፎቹ በዚያ ዓመት እንቁላል ካልጣሉ ቀድሞ ሊከፈት ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ግን የቦታው ኃላፊ እንጂ «ምንም አላየሁም» የሚል ገደል የሚወጣ ሰው አይደለም። ሰሌዳ አለመኖሩም ፈቃድ አይሆንም። በብሪታንያ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ሕግ እንደ ፔሪግሪን ያሉትን ጎጆ ላይ ሳሉ መረበሽን ይከለክላል፣ ሰሌዳ ኖረም አልኖረም።

ወፏ እየጮኸች ከዞረችብህ፣ መስመሩ ክፍት ቢሆንም ውረድ።